ድንኳኑና አዳራሹ፦ የጅማው የመጽሐፍ ዐውደ ርእይ

በሐምሌ ወር የመጨረሻ ሳምንት እዚህ ጅማ ላይ ለአራት ቀናት የቆየ የመጽሐፍ ዐውደ ርእይ ተካሂዶ ነበር። ሦስቱን ቀናት ከጠዋት እስከ ምሽት፣ አራተኛውን ደግሞ ከቀትር በኋላ ተከታትዬዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከማስተምራቸው ልጆች ሦስቱን ይዤ ስለ ሄድሁ አስተያየቴ በከፊል የእነርሱም ነው። የአዘጋጆቹን፣ የዳኞቹንና የአዳራሹን ስም ሆን ብዬ አልጠራም። የምነቅፈው ነገር በዚህ ዝግጅት ብቻ የታየ ቢሆን ኖሮ ስም መጥራቱ በጠቀመ ነበር፤ ነገር ግን በልዩ ልዩ ከተሞች በታደምሁባቸው የሽልማት መድረኮች ሲደጋገም ያየሁት ልማድ ስለ ሆነ አንዱን ነጥሎ መውቀስ ፍትሕ አይመስለኝም።

ዝግጅቱ ሦስት ነገሮችን በአንድ ግቢ አሰባስቦ ነበር። የመጻሕፍት ሽያጩ በአዳራሹ በረንዳና በግቢው ዙሪያ በተጣሉ ዳሶች፣ የሥነ ጽሑፍ ሽልማቱ በአዳራሹ ውስጥ፣ ለሕዝብ ክፍት የሆኑት የሳይንስ ንግግሮች ደግሞ ከአዳራሹ ጀርባ፣ ለሠርግ በሚከራይ ነጭ ድንኳን ውስጥ ነበሩ። የመርሐ ግብሩን ወረቀት ያየ ሰው የትኛው ዋና፣ የትኛው ማሟያ ተብሎ እንደ ታሰበ ለመገመት አይቸገርም፤ ሽልማቱ በወርቃማ ቀለም በገጹ አናት ላይ ሲሰፍር፣ የሳይንሱ ንግግሮች ከ«ሻይ ቡና» ዝቅ ብለው በደቃቅ ፊደል ተደርድረዋል። ከአራት ቀን በኋላ የእኔ ሚዛን የተገላቢጦሽ ሆኗል። ለምን እንደ ሆነ ከመናገሬ በፊት ስለ ሽያጩ ጥቂት ልበል።

ሐምሌ በጅማ ዝናቡ የሚውልበትም የሚያድርበትም ወር ነው። አዘጋጆቹ ወሩን የመረጡት ተማሪዎች ዕረፍት ላይ ስለሚሆኑ ነው ተብሏል፤ አሳቡ ክፉ አይደለም፣ ነገር ግን ወረቀትና ክረምት እንደማይዋደዱ የዳሶቹን ጣራ ከሳሳ ሸራ የሠራው ሰው አልተነገረውም። በሁለተኛው ቀን ማለዳ አንድ ያገለገሉ መጻሕፍት ሻጭ ሌሊቱን ውኃ የገባበትን ወፍራም መዝገበ ቃላት ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ በየአምስት ገጹ መካከል የጋዜጣ ቁራጭ እየሰነገ ሲያደርቅ አየሁት። አንዱ ጋዜጣ ሲርስ አውጥቶ በሌላ ይተካዋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሼ ስመጣም ገና «ሐ» ላይ ነበር። ዋጋውን ብጠይቀው «ይህንንስ እንዲህ ሆኖ አልሸጠውም፣ መምህር» አለኝ።

ከዚህ ውጭ ሽያጩ እንደ ተለመደው ነው። አጋዥ የትምህርት መጻሕፍት፣ ሃይማኖታዊ መጻሕፍትና ከእንግሊዝኛ የተመለሱ የስኬት መጻሕፍት ጠረጴዛውን ሞልተውታል፤ በአፋን ኦሮሞ የታተሙት ከጠበቅሁት በላይ፣ የልጆች መጻሕፍት ደግሞ ከጠበቅሁት በታች ነበሩ። የዋጋ ቅናሽ የሚል ወረቀት ያልለጠፈ ዳስ ባይኖርም፣ ቅናሹ ከምን ላይ እንደ ተቀነሰ የሚያሳይ ዋጋ ግን በመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ አልነበረም። እዚህ ላይ አበቃሁ።

አሁን ወደ ድንኳኑ። የመጀመሪያውን ንግግር ያቀረበችው አንዲት የቡና በሽታ ተመራማሪ ናት፤ ርእሷም በጅማ ከዚህ የቀረበ ጉዳይ የማይገኝለት፣ የቡና ፍሬ በሽታ ነበር። በወረቀቱ ላይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይጀመራል ተብሎ ነበር፣ በ4 ሰዓትም ጀመረች። በአገራችን መድረክ ይህ ብቻውን ሊመሰገን የሚገባው ነገር ነው። ገና ስትጀምር ሰባት የታሸጉ ብርሃን አስተላላፊ ላስቲኮች በታዳሚው መካከል አስተላለፈች፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ያልበሰሉ አረንጓዴ ፍሬዎች የተያያዙበት አጭር የቡና ዘንግ ነበረ፣ በፍሬዎቹም ላይ ጥቁርና ወደ ውስጥ የሰረጎደ ጠባሳ ይታያል። «እዩት፣ አገላብጡት፣ ላስቲኩን ግን እንዳትከፍቱት» ብላ አስጠነቀቀች፤ በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ ዘሩን በዝናብ ጠብታ ፍንጣሪ ከፍሬ ወደ ፍሬ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እንደሚያዛምት፣ የሰው እጅና ልብስም ሊያጓጉዘው እንደሚችል ነገረችን። ከላያችን ዝናቡ ድንኳኑን እየደበደበ ስለ ዝናብ ፍንጣሪ መስማት ነገሩን ይበልጥ ያጎላው ነበር።

ታሪኩን እንዲህ አስከተለች። በሽታው መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1922 በኬንያ ነው። ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ የታወቀው ደግሞ በ1971 ሲሆን፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እርጥበት የሚበዛባቸውን ከፍተኛ የቡና አካባቢዎች አዳረሰ። ፈንገሱ የሚጎዳው ቅጠሉን ወይም ግንዱን ሳይሆን ፍሬውን ራሱን፣ ያውም ገና አረንጓዴ ሆኖ በሚያብጥበት ጊዜ ስለ ሆነ፣ ገበሬው ዛፉ ጤነኛ መስሎት ለለቀማ ሲወጣ የሚያገኘው ጠቁሮ የደረቀ ወይም መሬት ላይ የረገፈ ፍሬ ነው። ተመራማሪዋ የስላይድ ብዛት አላስቸገረችንም፤ አምስት ሥዕሎች ብቻ አሳየች፣ የቀረውን በአንደበቷ ነገረችን፤ ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ፣ ከአፋን ኦሮሞ ወደ አማርኛ ስትመላለስም አንዱን ሳታሳጥር ነበር።

የንግግሯ ልብ የነበረው ግን መድኃኒቱ እንዴት ተገኘ የሚለው ክፍል ነው። ዐረቢካ የሚባለው ቡና መገኛው የኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደን ስለ ሆነ፣ በዚህ ምድር የሚበቅሉት የቡና ዛፎች እርስ በርሳቸው ያላቸው ልዩነት በሌላው ዓለም ካሉት እጅግ ይበልጣል። በሽታው በገባበት ማሳ ሁሉ ፍሬው ሲረግፍ፣ እዚህም እዚያም አንዳንድ ዛፎች ፍሬያቸውን እንደ ያዙ ቆሙ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ባለሙያዎች እነዚህን ዛፎች እየዞሩ ፈልገው፣ ዘራቸውን ሰብስበው፣ በጅማ የምርምር ማእከል ፈተኑአቸው። ዛሬ ገበሬው 74110 ወይም 74112 እያለ የሚጠራቸው ዝርያዎች ከዚያ ፍለጋ የተገኙ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የተመረጡበትን ዓመት፣ 1974ን ያመለክታሉ፤ ሁለቱም የተገኙት ከኢሉባቦር፣ ከመቱ አካባቢ ነው። ይህን ቁጥር ዕድሜዬን ሙሉ በየችግኝ ጣቢያው ስሰማ ኖሬ፣ ውስጡ ዓመተ ምሕረት እንደ ተሸሸገ አላውቅም ነበር።

ከዚያም ጥያቄ ተፈቀደና ከማና ወረዳ የመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። በአፋን ኦሮሞ የተናገሩትን ወደ አማርኛ ብመልሰው አሳቡ ይህ ነው፦ «ከቤቴ ጓሮ አንድ ዛፍ አለኝ፤ ዙሪያው ሁሉ ሲጠቁር እሱ አይጠቁርም። አባቴ ሳለ ጀምሮ እንዲሁ ነው። አንቺ የምትፈልጊው እንዲህ ያለውን አይደለም ወይ?» ድንኳኑ ጸጥ አለ። አብዛኞቻችን «አዎን፣ አባቴ» የሚል መልስና ጭብጨባ ጠብቀን ነበር። እርሷ ግን ማስታወሻዋን ከፍታ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ታስከትል ጀመር። ዛፉ በየትኛው ወር ያብባል? ጥላ አለው ወይስ ፀሐይ ላይ ነው? ብዙ ፍሬ የሚይዝባቸው ዓመታት አሉ? በእነዚያ ዓመታትም አይጠቁርም? አዛውንቱ ለእያንዳንዱ መልስ ነበራቸው። በመጨረሻ «አባባ፣ ማምለጥና መቋቋም ሁለት ነገሮች ናቸው» አለቻቸው። አንድ ዛፍ ፍሬው ዝናቡ በሚበረታበት ጊዜ ለበሽታው የሚመች ዕድሜ ላይ ስላልደረሰ፣ ወይም ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ላይ ስለ ቆመ ሊያመልጥ ይችላል፤ ልጆቹ ሌላ ቦታ ሲተከሉ ግን በሽታው ያገኛቸዋል። መቋቋሙ የሚታወቀው ዘሩ በቅሎ፣ ገና ቅጠል ሳይዘረጋ የፈንገሱ ዘር የተበጠበጠበት ውኃ ሲረጭበትና በእርጥበት ውስጥ ሲቆይ ስንቱ እንደሚበሰብስ፣ ስንቱ እንደሚተርፍ ተቆጥሮ ነው። ያም ሆኖ ማሳ ላይ ለዓመታት መታየት አለበት። «ዛፍዎ የትኛው እንደ ሆነ ዛሬ አላውቅም። መጥቼ ላየው እፈልጋለሁ» ብላ የቀበሌያቸውን ስም ጻፈች።

አዛውንቱ ቅር አላላቸውም፤ እንዲያውም ለአጠገባቸው ሰው «ይቺ ልጅ አልዋሸችኝም» ሲሉ ሰማሁ። ንግግሩን በዚህ ዐረፍተ ነገር ብገመግመው በቂ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ግን ያሳፍረኛል። በመጨረሻ ላስቲኮቹ ሲሰበሰቡ ስድስት ሆኑ። ተመራማሪዋ ማንንም አልተቆጣችም፤ ብቻ «ሰባተኛው ሳይመጣ ማንም ከዚህ ባይወጣ ደስ ይለኛል» ብላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሦስት ደቂቃ ያህል ተያየን። ሰባተኛው ላስቲክ ከማስተምራቸው ልጆች በአንደኛው ደብተር ውስጥ፣ በሁለት ገጾች መካከል ተጣጥፎ ተገኘ። «ለአባቴ ላሳየው ብዬ ነው» አለ፤ አባቱ ቡና ገበሬ ነው። ላስቲኩን ወስዳ፣ በምትኩ ከአምስቱ ሥዕሎች አንዱን የታተመበትን ወረቀት ሰጠችው።

ሁለተኛው ንግግር ስለ ዘመን አቈጣጠር ሲሆን፣ የተናገረው ወጣት የሥነ ፈለክ መምህር ነው። ይህ ንግግር ክፉ ዕጣ ገጥሞታል፤ ግቢው ውስጥ የነበረው አንድ ደህና ድምፅ ማጉያ ለሽልማቱ ልምምድ ወደ አዳራሹ ተወስዶበት፣ ወጣቱ ከዝናቡ ጋር በጉሮሮው እየተወዳደረ ሊናገር ግድ ሆነ። በሦስተኛው ረድፍ ላይ የነበርን ሰዎች በደንብ ሰምተናል፤ ከሰባተኛው ረድፍ ወዲያ የነበሩት ግን አንድ በአንድ ተነሥተው ሄዱ። ለሄዱት አዝንላቸዋለሁ። ፀሐይን እንደ ባለሱቅ፣ ቀን መቍጠሪያችንን እንደ ዱቤ ደብተር አድርጎ ነበር ያስረዳን። ዓመቱ በትክክል 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ያህል ነው፤ እኛ ግን ትርፉን ሙሉ 6 ሰዓት ብለን እንመዘግብና በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ስድስተኛዋን ጳጉሜን እንከፍላለን። ስለዚህ በየዓመቱ ከ11 ደቂቃ የሚበልጥ ትርፍ እንከፍላለን፤ በ128 ዓመት ገደማ ይህ ትርፍ ተጠራቅሞ አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል። የጎርጎርዮስ አቈጣጠር ይህን ለማረም በየ400 ዓመቱ ሦስት ቀን ይቀንሳል። ከዚህ የተነሣ አሁን በአብዛኛው መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ላይ ሲውል፣ እነርሱ በ2100 የካቲታቸውን 29 ሳያደርጉ ስለሚያልፉ፣ የ2093 እንቁጣጣሽ በሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ ከዚያም ወዲያ እንዲሁ እየተገፋ ይሄዳል።

ከልጆቼ አንዷ ተነሥታ «ታዲያ የተሳሳትነው እኛ ነን?» ብላ ጠየቀች። መምህሩ አልተቻኮለም። ፀሐይ ከሁለቱም ደብተሮች ጋር እንደማትስማማ፣ የጎርጎርዮሱም ቢሆን ከ3,000 ዓመት በላይ ሲሄድ አንድ ቀን እንደሚስት፣ ደብተር የሚመዘነው ለምን ሥራ እንደ ተያዘ በማወቅ እንደሆነ ነገራት። ልጅቱ መልሱን ወደደችው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አልወደደችውም፤ እስከ ቤት ድረስ «አንዱ ግን የባሰ ነው» እያለች ተከራክራኛለች። ንግግር እንዲህ መሆን አለበት እላለሁ።

ሦስተኛውን፣ ስለ ወባ የቀረበውን፣ በአጭሩ ልለፈው። ጉዳዩ ትልቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘችውና ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ ከለመድናት የገጠር ትንኝ በተለየ በውኃ ሮቶ፣ በበርሜልና በግንባታ ጉድጓድ ውስጥ ስለምትራባ ወባን የከተማ በሽታ ልታደርገው እንደምትችል ሊነገረን ነበር። ተናጋሪው ግን እስከዚያ ለመድረስ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስላይዶችን አርባ ደቂቃ ያህል አነበበልን። በብርጭቆ ማሰሮ ያመጣቸው የትንኝ ዕጮች ባይኖሩ ኖሮ ልጆቹ ተኝተው ነበር። ቢሆንም እንኳ ከጥያቄው ሰዓት የቀነሰብን የለም፤ ለሚያውቀው መለሰ፣ ለማያውቀው አላውቅም አለ።

እንግዲህ ሽልማቱ። በመርሐ ግብሩ ላይ በሦስተኛው ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ተብሎ የታተመው ሥነ ሥርዓት የተጀመረው የክብር እንግዳው ሲደርሱ፣ ለ10 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። ዘርፎቹ ሦስት ነበሩ፦ በአማርኛ የተጻፈ አጭር ልብ ወለድ፣ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ግጥምና በሁለቱም ቋንቋዎች የልጆች መጽሐፍ። ንግግሮች ተደረጉ፤ የመክፈቻ ንግግር፣ የእንኳን ደኅና መጣችሁ ንግግር፣ የአጋር አካላት ንግግር። ስለ ንባብ ባህል መዳበር የተነገረው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ የአንድም መጽሐፍ ርእስ አልተጠራም። ሽልማቱ ራሱ፣ ሦስቱም ዘርፎች ተደማምረው፣ በእጅ ሰዓቴ 12 ደቂቃ ፈጀ።

የመድረኩ መሪ የተጠቀመባት ዐረፍተ ነገር በሦስቱም ዘርፎች አንድ ነበረች፦ «ዳኞች የቀረቡትን ሥራዎች በጥልቀት መርምረው አሸናፊውን ለይተዋል።» ስንት ሥራ ቀረበ? ዳኞቹ እነማን ናቸው? በምን መለኪያ? ከማን ጋር ተወዳድሮ? ይህ መጽሐፍ ያለው ሌላው የሌለው ምንድን ነው? ከእነዚህ አንዱም አልተመለሰም። በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ከሃምሳ እርምጃ በማይበልጥ ርቀት፣ አንዲት ተመራማሪ ስለ አንድ ዛፍ ለመናገር የአበባውን ወር፣ ጥላውንና ነፋሱን ስትጠይቅ ከርማ «አላውቅም» ስትል፣ አዳራሹ ውስጥ በጥልቀት የመረመሩ ሰዎች ስለ ሦስት መጻሕፍት አንድ ዐረፍተ ነገር ሊያካፍሉን አልቻሉም። አምልጦ ያሸነፈውና ተቋቁሞ ያሸነፈው መጽሐፍ በምን ይለያል?

እዚህ ላይ የሚሰነዘረውን መከላከያ አውቀዋለሁ፤ በዚያው ዕለት ማታ ከአንድ ወዳጄ ጋር ተከራክረንበታል። ጅማ ትንሽ ከተማ ናት፣ ጸሐፊውና ዳኛው በአንድ ሰፈር ይኖራሉ፣ በአንድ ለቅሶ ይቀመጣሉ፤ ምክንያት መስጠት የተሸነፉትን ማስቀየም ነው ይላል። ይሉኝታን አልንቅም፣ አብሮ ለመኖር ያስፈልጋል። ነገር ግን ያሸነፈውን መጽሐፍ ለምን እንደ መረጡ መናገር ያልተመረጠውን መንቀፍ አይደለም። ደግሞም ዝምታው ማንንም ከሐሜት አላዳነም፤ ከአዳራሹ ስንወጣ በሩ ላይ የሰማሁት ነገር ሁሉ ማን የማን ዘመድ እንደ ሆነ የሚተርክ ነበር።

ምስጢር መጠበቅና ምክንያት መስጠት እንደማይጣሉ የሚያሳይ ምሳሌ ሩቅ አይደለም። የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የእጩዎቹን ስምና የዳኞቹን ክርክር ለ50 ዓመት ቆልፎ ያስቀምጣል፤ ሆኖም አሸናፊው በሚታወጅበት በዚያው ቅጽበት ለምን እንደ ተመረጠ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2021 ትውልዱ ከዛንዚባር የሆነው ደራሲ አብዱልራዛቅ ጉርና ሲሸለም፣ የቅኝ አገዛዝን ጠባሳና በባህሎች መካከል የተጣለውን የስደተኛ ዕጣ ያለ ማለሳለስና በርኅራኄ ስለ ተመለከተ እንደ ሆነ ዓለም የሰማው ከስሙ ጋር ነው። የእንግሊዙ ቡከር ሽልማት ደግሞ ወራት አስቀድሞ ረዥሙን ዝርዝር፣ ከዚያም ስድስት መጻሕፍት የያዘውን አጭር ዝርዝር ያወጣል፤ አንባቢ ገዝቶ፣ አንብቦ፣ የራሱን ፍርድ ይዞ እንዲጠብቅ። በ2020 አዲስ አበባ የተወለደችው መዓዛ መንግሥቴ በዚያ አጭር ዝርዝር ውስጥ በገባች ጊዜ ሽልማቱን ባታገኝም አንባቢ አግኝታለች። አጭር ዝርዝር ማውጣት ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

የአገራችንም ታሪክ ቢሆን ባዶ አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ1966፣ ገና የ29 ዓመት ወጣት ሳለ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲቀበል፣ የአገሪቱ ትልቁ የሥነ ጽሑፍ ክብር ነበር። ያ ሽልማት የአማርኛ ብቻ ነበር፤ በዚህ ረገድ የጅማው ዝግጅት ለአፋን ኦሮሞ ግጥም የራሱን ዘርፍ መስጠቱ ሊመሰገን ይገባዋል፣ እኔም አመሰግናለሁ። በአፋን ኦሮሞ መጻፍ በዚህ አካባቢ የትናንት ነገር አይደለም፤ ከጅማ ብዙም በማይርቀው በቀድሞው የሊሙ እናርያ ግዛት ተወልዳ በባርነት የተሸጠችውና በኋላም ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ ከመለሰው ከአናሲሞስ ነሲብ ጋር በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ ስትሠራ ያሰባሰበቻቸው መዝሙሮች፣ ተረቶችና ምሳሌያዊ ንግግሮች እ.ኤ.አ. በ1894 ለንባብ መማሪያ ታትመዋል። በአዳራሹ ውስጥ ይህን ስም የጠራ አልነበረም፤ ሦስቱ ልጆቼም ሰምተውት አያውቁም።

የልጆች መጽሐፍ ዘርፍ ግን ግራ አጋብቶኛል። ሁለት ቋንቋዎችን በአንድ ሽልማት ማወዳደር ሁለቱንም እኩል የሚያነቡ ዳኞች ይጠይቃል። እንዲህ ያሉ ሰዎች በጅማ ሞልተዋል፤ ዳኞቹ ከእነርሱ ወገን ስለ መሆናቸው ግን እንድናምን እንጂ እንድናውቅ አልተፈለገም።

ከሥነ ሥርዓቱ ሁሉ ዓይኔ ላይ የቀረው ይህ ነው። በግጥም ያሸነፈችው ወጣት ስሟ ሲጠራ ወደ መድረክ ስትወጣ ከነጠላዋ ስር አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ወረቀቱን ዘርግታ ወደ ድምፅ ማጉያው ቀረበች። የመድረኩ መሪ ፈገግ ብሎ ክንዷን ይዞ ወደ ፎቶግራፍ አንሺው አዞራት፤ በአንድ እጇ በመስተዋት የተለበጠውን የምስክር ወረቀት፣ በሌላው የታጠፈውን ወረቀት ይዛ ፎቶ ተነሣችና ወረደች። ማጉያው፣ ከሥነ ፈለኩ መምህር የተወሰደው ያው ማጉያ፣ ለምስጋና ንግግር ተላለፈ። ሽልማት ያሸነፈ ግጥም፣ በዓውደ ርእዩ አዳራሽ፣ አንድ ስንኙ እንኳ ሳይሰማ አደረ።

በዳሶቹ መካከል ዞሬ ያሸነፉትን መጻሕፍት ልገዛ ሞከርሁ። የልጆቹን መጽሐፍ አገኘሁ። ግጥሙንና አጭር ልብ ወለዱን ግን የያዘ ሻጭ አልነበረም፤ አንዱ «ማሸነፉን አሁን ካንተ ሰማሁ» አለኝ። ሸላሚና ሻጭ በአንድ ግቢ ውስጥ ተገናኝተው የማያውቁበት ዐውደ ርእይ ይህ ነው።

በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ተይዞ የነበረ ንግግር ተናጋሪው ባለመምጣቱ ተሰረዘ። የድንኳኑን መርሐ ግብር የምትመራው ሴት፣ ሃያ ያህል ሰዎች በዝናቡ ምክንያት ተጠልለን ስታየን፣ ከመካከላችን የግጥሟን አሸናፊ ለይታ «ያን ወረቀት ይዘሽዋል?» ብላ ጠየቀቻት። ይዛዋለች። ዝናቡ እስኪያባራ ትንሽ ጠበቀችና ያለ ማጉያ አነበበች፤ ስለ አንዲት ውኃ ቀጂ ሴት ነበር፣ መንገዱን በእግሯ ሳይሆን በእንስራዋ ድምፅ ስለምትቈጥር። ስትጨርስ የተጠየቀችው ጥያቄ የድንኳኑን ልማድ የተከተለ ነበር፤ ሦስተኛው ስንኝ ለምን ከሌሎቹ እንዳጠረ አንድ ተማሪ ጠየቃት። «እንስራው የሞላው እዚያ ላይ ነው» አለችው፤ የሞላ እንስራ ብዙ አይጮህም።

አጭር ልብ ወለዱን ከደራሲው ከራሱ፣ በሩ ላይ ከያዘው ፌስታል 300 ብር ከፍዬ ገዛሁት፤ አምስት ቅጂ ይዞ ነበር፣ አራቱ ቀሩት። በሁለት ሌሊት ጨረስሁት። ዳኞቹ ያልነገሩንን ምክንያት እኔ ልናገር፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ታሪኮች ገጸ ባሕርያቱ የሚሰማቸውን ሁሉ ራሳቸው ስለሚያስረዱ ለአንባቢ ሥራ አያስቀሩለትም፤ ሦስተኛው ግን፣ በመጋዘን ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ የምትመዝን ሴት ከጆንያው ሲፈስ በሚሰጠው ድምፅ ብቻ እርጥቡን ከደረቁ የምትለይበት፣ ስለ ሐቀኝነት አንድ ቃል ሳይናገር ነጋዴውን፣ ገበሬውንና እርሷን በአንድ ሚዛን ላይ ያቆማቸዋል። ለዚህ ታሪክ ብቻ ሽልማቱ ይገባዋል። ይህን ለመናገር የፈጀብኝ አንድ አንቀጽ ነው።

በሚመጣው ክረምት ዝግጅቱ ከተደገመ እሄዳለሁ፤ መግቢያው ነጻ ነው፣ መጸዳጃው ሩቅ ቢሆንም ንጹሕ ነው፣ በረንዳው ላይ የሚፈላው ቡና ከብዙ ቡና ቤቶች ይሻላል። ለመሄድ የሚያስብ ሰው የንግግሮቹን ሰዓት እንጂ የሽልማቱን ሰዓት አይመን፣ ጃንጥላም ይያዝ፤ ድንኳኑ ውስጥ ከመካከለኛው ምሰሶ በስተግራ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለው ወንበር ያፈሳል።